ማንም ያልተከለው ቡና በበጀት መዝገባችን

ክቡራንና ክቡራት፣ የተከበራችሁ የዕቅድና የበጀት ባለሙያዎች፣

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና የሚያለማ ገበሬ ችግኝ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፦ 74110 ወይም 74112። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 እናት ዛፉ የተመረጠበት ዓመት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1974 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ለጋውን ፍሬ እያጠቆረ ሲያረግፍ፣ የጅማ ተመራማሪዎች ፍለጋ የወጡት በሽታው በበረታበት ሥፍራ ሳይታመሙ የቆሙ ዛፎችን ነበር፤ ሁለቱን ዝርያዎች ያገኙትም ኢሉባቦር ውስጥ መቱ አካባቢ ነው። ያንን የመቋቋም ባሕርይ ማንም አልፈጠረውም፤ አረቢካ ቡና በተገኘበት የደን ምድር በዘመናት ብዛት የተጠራቀመ ነው። በበጀት መዝገባችን ግን ለደኑ ገቢ ተብሎ አልተጻፈለትም።

ደን መንጥሮ እርሻ ለማልማት የሚቀርብ የአዋጭነት ጥናት የመንገዱን፣ የማሽኑንና የጉልበቱን ወጪ እስከ ሳንቲም ሲዘረዝር፣ የሚጠፋው ደን ወጪ ሆኖ አይታይም። እኔም በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ እንዲህ ባለ ቅጽ ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ለነበረበት ቦታ «ያልለማ መሬት» ብዬ ሞልቼ ፈርሜያለሁ። ቅጹ ሌላ ረድፍ አልነበረውም፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅሁም።

የቡናን ዘረ መል ሀብት ዋጋ ለመተመን ከተሞከሩት ሥራዎች አንዱ ላርስ ሄይን እና ፍራንዝ ጋትዝዋይለር በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ነው። ሀብቱ በሽታ የሚቋቋም፣ ካፌይኑ ያነሰና ምርቱ የበዛ ቡና ለማዳቀል ሊያስገኝ የሚችለውን ጥቅም አስልተው የደረሱበት ውጤት፣ በ5 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ 1 ቢሊዮን 458 ሚሊዮን ዶላር፣ በ10 በመቶ ደግሞ 420 ሚሊዮን ዶላር ነው። ደኑ ያው ደን፣ ቡናውም ያው ቡና ሆኖ ሳለ ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ የተራራቀው፣ ወደፊት የሚገኘውን ጥቅም ወደ ዛሬ ገንዘብ የምንመልስበት ምጣኔ ስለተለወጠ ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር በ5 በመቶ ሲሰላ ዛሬ 23 ብር ገደማ ያወጣል፤ በ10 በመቶ ሲሰላ 6 ብር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አማካሪ የደን ዋጋ ይዞላችሁ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ምጣኔው ነው። ምጣኔ መምረጥ ደግሞ ያልተወለዱ ልጆች ድርሻ ስንት ይሁን ብሎ መወሰን ስለሆነ፣ ለአማካሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ጥቅሙ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። ያ ከቢሊዮን ያለፈ ቁጥር የተሰላው በዓለም ዙሪያ ላለው የቡና ልማት ነው። ካፋ ውስጥ ደኑን ይዞ የሚኖረው ቤተሰብ እጅ የሚገባው ግን ዛፍ ላይ ከሰቀለው ቀፎ የሚያወርደው ማር፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙና የደን ቡናው ነው። አካባቢው በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ ያኮራናል፤ ምዝገባው ብቻውን ግን ለቀፎው ባለቤት የሚከፍለው ነገር የለም። ይህ ሰው መንጥሮ በቆሎ መዝራት ይሻለኛል ቢል ስሌቱ የተሳሳተው እሱ ዘንድ አይደለም። ኮስታ ሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የደን ሕግ መሠረት ከነዳጅ ግብር ከሚገኘው ገንዘብ ላይ ቀንሳ ደን ለሚጠብቁ ባለይዞታዎች ትከፍላለች፤ የእኛ የመሬት ሥርዓት ስለሚለይ አሠራሩን እንዳለ መቅዳት ባንችልም፣ ክፍያው ከተጠቃሚው ወደ ጠባቂው መሄዱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

የምጠይቃችሁ አዲስ ተቋም አይደለም። በሚቀጥለው የበጀት ዓመት በምትጠቀሙበት የፕሮጀክት መገምገሚያ ቅጽ ላይ ከደኑ ጋር የሚጠፋው አገልግሎት ቢያንስ በሁለት ምጣኔ ተሰልቶ፣ ተጠቃሚውና ተጎጂው ተለይተው ይግቡ፤ በገንዘብ ሊተመን ያልቻለውም በቃላት ይጻፍ እንጂ ዜሮ አይሞላበት። የቅጹን ረቂቅ በየጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጠናል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ረድፍ በረድፍ እንድናየው በአክብሮት እጠይቃለሁ።