ዶሮ ማነቂያ፣ ወራጅ አለ

እሺ… እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የአከራዬን ነገር እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ለሚቀጥለው ይቆየን። ማክሰኞ ታክሲ ውስጥ የሆነች ነገር አለች፣ እስካሁን ከውስጤ አልወጣችም።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ነው። የእኔን ቦታ ታውቋታላችሁ፣ ከሹፌሩ ጀርባ፣ መስኮቱ ጋ። ከጎኔ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ተከናንበዋል፣ ጭናቸው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ድፎ ዳቦ ነው፤ ገና አልበረደም፣ የኮባው ሽታ ታክሲውን ሞልቶታል። የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ "ወራጅ አለ! ዶሮ ማነቂያ!" አሉ።

ረዳቱ ልጅ ነው፣ አሥራ ስምንት ቢሞላው ነው። ዞር ብሎ አያቸውና "የት ነው እሱ፣ እማማ?" አላቸው።

በክፋት አይደለም እኮ! ይሄን ደጋግሜ ነው የምለው፣ በክፋት አይደለም። ልጁ የምሩን ነው የጠየቀው። አያውቀውም።

እሳቸው ወደ ውጭ አዩ። አያችሁ፣ ፊታቸው ከፊቴ ስንዝር አይርቅም፤ ዓይናቸው አንድ ነገር ሲፈልግ አየዋለሁ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባ፣ አዲስ የመብራት ምሰሶ። ትንሽ ቆዩና "እዚሁ… እዚሁ ነበር" አሉ። ቀጥለውም ዝግ ባለ ድምፅ "በቃ የተመቸህ ጋ አውርደኝ፣ ልጄ።"

እኔ አውቀዋለሁ! ጠባቧን መንገድ ዘልቄ ስንቴ ፍርፍር በልቼባታለሁ። "አውቀዋለሁ እማማ" ማለት ነበረብኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ዝም አልኩ። ለቅሶ ቤት ስትገቡ አፋችሁ የሚያያዘው ነገር አለ አይደል? ልክ እንደዛ ሆንኩ።

ቤት ገብቼ ምን ሳስብ እንዳደርኩ ታውቃላችሁ? ስለ ሰባራ ባቡር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና አስመጣ፤ ያ ነገር ተሰብሮ እዚያ ቀረ፣ ሰፈሩም በሱ ተጠራ። ብረቱ የለም፣ ያየው ሰው የለም፣ እኛ ግን ዛሬም "ሰባራ ባቡር ወራጅ" እንላለን። ለገሃርም እንደዛው ነው። ቃሉ የፈረንሳዮች ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው፤ የጅቡቲው ባቡር ዛሬ የሚነሳው ከለቡ ነው፣ ስሙ ግን ንቅንቅ አላለም። እና እኔ ራሴን ሳጽናና፣ ዶሮ ማነቂያም ቤቱ ቢፈርስ ስሙ ይቀራል፣ የአዲስ አበባ ስም አይሞትም አልኩ።

ከዛ ደግሞ… አይ። ሰባራ ባቡር ሲቀር ሰዉ እዚያው ነበር። እናት ለልጇ "ሰባራ ባቡር ሄደህ ይሄን ገዝተህ ና" ትላለች፣ ልጁ ለልጁ ይላል። ስም በአፍ ነው የሚኖረው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ ግን ቤቱ ብቻ አይደለም የሄደው፤ "ዶሮ ማነቂያ" የሚለው አፍ ነው አብሮ የተነሳው። አንዱ ከተማው ዳር፣ አራብሳ ነው፣ አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። ያ ረዳት ከማን ይስማው? እንዴት ይወቀው?

ብቻ… እንዲህ ስል ደግሞ እናቴ ትዝ ትለኛለች። ባለፈው ማታ በዚያው በአዲሱ መንገድ አብረን ሄድን። ጉልበቷን ታውቃላችሁ። ድሮ በዚያ በተቦረቦረ ድንጋይ ላይ ክንዴን ጨብጣ ነበር የምትሄደው። ያን ቀን ለቀቀችኝ። ብቻዋን፣ መብራቱን እያየች፣ "እንዴት ደስ ይላል" እያለች ፊት ፊቴ ሄደች። ይሄን ምን ልበለው? ደስ ብሎኛል። በጣም ነው ደስ ያለኝ። የእነዚያ እናት ቤት በነበረበት መሬት ላይ ነው ደስ ያለኝ… አላውቅም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልቻልኩም።

ወረዱላችሁ። ታክሲው ሲነሳ ዞሬ አየሁ። ዳቦውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ቆመዋል፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ያያሉ። ቀኑ 12 ነበር፣ ሚካኤል። የማኅበር ዳቦ ይሆን እንዴ? ጽዋው ደርሷቸው ይሆን? ግን እዚያ የቀረ ማን አለ? ወይስ ከየሄዱበት እዚያው ቦታ ላይ ሊገናኙ ተቃጥረው… መንገዱ ዳር፣ አበባው ጋ…

ዳቦው ትኩስ ነበር እኮ። ከአራብሳም ይምጡ ከሌላ፣ እንዴት አድርገው በትኩሱ አደረሱት…

እ… እሺ። እዚህ ላይ ላቁም መሰለኝ። የአከራዬን ነገር ሳምንት እነግራችኋለሁ።