የኒና አፍንጫ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የተጨቃጨቅንበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱን ላውራላችሁ።

በ2016 «ኒና» የሚባል ፊልም ወጥቶ ነበር። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። የጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ፒያኒስት የኒና ሲሞን ታሪክ ነው። ኒናን ሆና የተወነችው ዞዊ ሳልዳኛ ናት። ሳልዳኛ ቆዳዋ ፈካ ያለ፣ አፍንጫዋ ቀጠን ያለ ነው። ስለዚህ ፊቷን በሜካፕ አጠቆሩት፤ ሰው ሠራሽ አፍንጫም ለጠፉላት። ከቀረጻው ቦታ ፎቶ የወጣው በ2012 ነው፤ ብዙ ሰውም «ለምን ኒናን የምትመስል ጠቆር ያለች ተዋናይ አልተመረጠችም?» ብሎ ተቆጣ። ጭቅጭቁ ፊልሙን አራት ዓመት ቀደመው ማለት ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ እኔ መጀመሪያ የቆምኩት ከተዋናይዋ ጎን ነበር። ትወና ማለት ያልሆኑትን መሆን አይደል እንዴ? ደግሞ ሴትየዋ ራሷን ጥቁር ነኝ ነው የምትለው። አባቷ ዶሚኒካን፣ እናቷ የፖርቶ ሪኮ ሰው። የፊልሙን አከፋፋይ ኩባንያ የመሠረተው ጥቁሩ ባለሀብት ሮበርት ጆንሰንም ተከራክሮላታል። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች ራሳቸው በቡናማ የወረቀት ከረጢት የሚለካኩበት ጊዜ ነበር። ቆዳህ ከከረጢቱ ከጠቆረ አንዳንድ ክበብ አያስገባህም። ጆንሰን፣ ይሄ ክርክር ያንን ልክፍት ነው የሚያስታውሰኝ አለ። እኔም «ልክ ነው» አልኩ።

ጓደኛዬ ግን አልተዋጠላትም። «መጀመሪያ የኒናን ሕይወት አንብቢ፣ ከዚያ እናወራለን» አለችኝ።

አነበብኩ። ኒና በ1933 ሰሜን ካሮላይና፣ ትራይን የምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ስሟ ዩኒስ ዌይመን ነበር። ገና ልጅ ሳለች ፒያኖ ልትጫወት መድረክ ላይ ወጣች። ከፊት የተቀመጡትን ወላጆቿን ለነጮች ቦታ ልቀቁ ብለው ወደ ኋላ ወሰዷቸው። ልጅቷ ካልተመለሱ አልጫወትም አለች። አስቡት፣ ልጅ ናት! በኋላ ፊላደልፊያ ያለው ከርቲስ የሙዚቃ ተቋም አልተቀበላትም። በጥቁረቴ ነው ብላ እስከ መጨረሻው አመነች። ከርቲስ የክብር ዲግሪ የሰጣት በ2003፣ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ሜካፑን እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ። የዚያ ዘመን መድረክ የሚፈልገው መልክ የኒና ዓይነት አልነበረም። እሷ ግን አልደበቀችውም፤ ፀጉሯን አፍሮ አድርጋ፣ እንዳለች ወጣች። እሷን የሚመስሉ ሴቶች ዛሬም ዋና ገጸ ባሕርይ ሆነው ብዙ አይታዩም። በስንት ጊዜ አንዴ ያ ፊት ራሱ ታሪክ የሆነበት ፊልም ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ሰው ተቀባ። ማታ በውኃ ይለቃል። ኒና ግን ይዛው ነው የኖረችው።

ሆኖም ድንጋዩ ሁሉ ሳልዳኛ ላይ መወርወሩ አሁንም አይዋጥልኝም። ተዋናይ ድርሰት አትጽፍም። የኒና ልጅም ይህንኑ ነው ያለችው። ታሪኩ ውሸት አለበት፣ ውሸቱን የጻፈችው ግን ሳልዳኛ አይደለችም አለች። እናቷ ናት፣ ከሁላችን በላይ መቆጣት የምትችለው እሷ ነበረች። ሳልዳኛ ራሷ በ2020 ይቅርታ ጠይቃለች። ያንን ሚና መውሰድ አልነበረብኝም ብላ አለቀሰች።

ጓደኛዬን «እሺ፣ ምን ያህል የጠቆረች ተዋናይ ትበቃለች? ማን ነው የሚለካው?» አልኳት። ዝም አለች። እኔም መልስ የለኝም። ከረጢቱ እንደገና መጣ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንንም አስገርሞናል። ሰው ሁሉ ስለ ቆዳና አፍንጫ ሲጨቃጨቅ፣ ፊልሙ ውስጥ የሚዘፈነው በሳልዳኛ ድምፅ ነው። አፍንጫውን ለማስመሰል ያን ያህል ደከሙ። ድምፁ ግን የኒና አይደለም። ያ ወፈር ያለ፣ ወንድ ይሁን ሴት መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ የሚያጋባ ድምፅ በቅጂ እያለ! ጓደኛዬ ይሄን ስነግራት ሳቋ መጣ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና የራሷን የኒናን አንድ ዘፈን ከፈተች። ክርክራችን እዚያ ላይ ቆመ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ማናችንም አልተናገርንም።