«አያቴ ኮሪያ ዘምተዋል ይባላል»

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ እንደተለመደው ከአዳማ ነን። ዛሬ ወንድሜ ከቤቱ ይዞት የመጣ ጥያቄ አለ። እስቲ አንተው ንገራቸው።

እሱ፦ የእናቴ አባት ጉዳይ ነው። «አባባ ኮሪያ ዘምተዋል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። በእጃችን ያለው ግን አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ የወታደር ልብስ ለብሰው ቆመዋል። ሜዳሊያ የለም፣ ወረቀት የለም። በዚያ ላይ አክስቴ «ኮሪያ ሳይሆን ኮንጎ ነው» ትላለች። ካረፉ ቆይቷል፤ ቢያንስ የት እንደነበሩ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እሷ፦ የአክስትህን ቃል በቀላሉ አትለፈው። የሁለቱ ዘመቻዎች ጊዜ ይራራቃል። ለኮሪያ ጦርነት የተላከው የኢትዮጵያ ጦር ቃኘው ሻለቃ ይባላል፤ የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ የተነሳው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ተከተሉ። የተኩስ አቁሙ ስምምነት የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው፤ ከዚያም በኋላ የሄዱ አሉ። ኮንጎ ደግሞ ከ1952 ክረምት ወዲህ ነው፤ ጠቅል ብርጌድ የተባለው የኢትዮጵያ ጦር የዘመተበት።

እሱ፦ አክስቴ ዓመተ ምሕረት ብጠይቃት አታስታውስም።

እሷ፦ ዓመቱን አትጠይቃት። «አባባ ሲሄዱ እማማ ማንን ታቅፋ ነበር? ማን ጡት አልጣለም ነበር? ማን ክርስትና ሲነሳ እሳቸው አልነበሩም?» በላት። የእናቶቻችን የዘመን አቆጣጠር በልጆች ነው። እናትህ መቼ ተወለደች?

እሱ፦ በ1946 መጨረሻ። አክስቴ በአራት ዓመት ትበልጣታለች።

እሷ፦ በ1942 ማለት ነው። እንግዲያው በ1943 ጨቅላ ነበረች። አክስትህ «ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ» ካለች ያየችው ኮንጎን ሳይሆን አይቀርም፤ ያኔ የ10 ዓመት ልጅ ነች። «ሲሉ ሰማሁ» ካለች ግን ሌላ ነው። ደግሞ አንዱ እውነት ስለሆነ ሌላው ውሸት አይሆንም፤ አንድ ወታደር ሁለቱንም ሊዘምት ይችላል።

እሱ፦ ይሄን አላሰብኩትም። አጎቴ ደግሞ «እዚሁ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ነው የሸኘናቸው» ሲል ሰምቻለሁ።

እሷ፦ የኮሪያ ዘማቾች እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ነው የሄዱት። ባቡሩ በዚህ ነበር የሚያልፈው። ግን ያኔ ከናዝሬት አዲስ አበባ የሚሄድም ሰው በባቡር ነበር የሚሳፈረው። ስለዚህ ጣቢያው ብቻውን አያስረዳም። ባቡሩ ወደየት ነበር የሚሄደው? ወደ ድሬዳዋ ነው ወይስ ወደ አዲስ አበባ? ይህን ጠይቀው።

እሱ፦ ፎቶው ላይስ ምን ልይ?

እሷ፦ መጀመሪያ ትከሻቸውን። ቃኘው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነው። የክፍለ ጦሩ ምልክት ክብ ነው፤ ውስጡ ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች አሉት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ቅርጹ ይለያል። ደረታቸው ላይ ሪባን ካለ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳሊያ ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ነው። ከዚያ ጀርባውን ገልብጥ። ወታደሮቹ ለዕረፍት ጃፓን ይወሰዱ ስለነበር የፎቶ ቤቱ ማኅተም በጃፓን ፊደል ሊሆን ይችላል።

እሱ፦ ፍሬም ውስጥ ነው ያለው፤ አውጥተነው አናውቅም።

እሷ፦ አውጣው፣ ግን ቀስ ብለህ፤ የቆየ ወረቀት ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። ከተጣበቀ አትላጠው።

እሱ፦ አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ። እሳቸው ራሳቸው ምንም አልተናገሩም። ዘምተው ቢሆን እንዴት ዝም ይላሉ? ያጎቴ ልጅ «ዝም ያሉት ስላልሄዱ ነው» ይላል።

እሷ፦ በዚህ አልስማማም። የኮሪያ ዘማቾች የተመረጡት ከክብር ዘበኛ፣ ከንጉሡ ጠባቂ ጦር ነው። በታኅሣሥ 1953 የመንግሥት ግልበጣውን የሞከረው ክብር ዘበኛ ነው። ከዚያ ወዲህ «ክብር ዘበኛ ነበርኩ» ማለት ያስጠረጥራል። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ። ከሰሜን ኮሪያ ጋር የተዋጋ ሰው ሜዳሊያውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል? ብዙዎቹ ደበቁ፣ አንዳንዱም ቀበረ። ልጅ በትምህርት ቤት እንዳያወራ እቤት ውስጥም አይነሳም። የእነዚህ አባቶች ዝምታ ምክንያት ነበረው። ለመሄዳቸው ማስረጃ አይሆንም፤ ላለመሄዳቸውም አይሆንም።

እሱ፦ እናቴ ይህን ብትሰማ ደስ ይላታል። እሺ፣ አሁን ወደ መዝገብ እንሂድ። በምን ስም ነው የምፈልገው?

እሷ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንተ የምታውቃቸው በቤት ስማቸው ሊሆን ይችላል። ክርስትና ስም አለ፤ በዚህ በእኛ አካባቢ ደግሞ ወታደር ቤት ወይም ትምህርት ቤት ሲገቡ የኦሮሞ ስማቸውን ትተው በሌላ ስም የተመዘገቡ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም ጻፍ፦ የቤት ስም፣ የመዝገብ ስም፣ የአባት፣ የአያት፣ የተወለዱበት ቀበሌ። የውጭ አገር ሰነድ ከሆነ ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ በዚያ ሊያስቀምጥ ይችላል። «ገብረ»ና «ወልደ»ን ቆርጦ ብቻውን የሚጽፍም አለ። በአንድ አጻጻፍ ፈልገህ አጣሁ አትበል።

እሱ፦ የትስ ልሂድ?

እሷ፦ አዲስ አበባ አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያና ማኅበር አለ። በሕይወት ያሉት አባቶች በጣም አርጅተዋል፤ ስለዚህ ፎቶውን ይዘህ ቶሎ ሂድ፣ በመልክ የሚያውቅ ሊገኝ ይችላል። የዘመኑን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክር፣ ሄደህ ታገላብጣለህ። የ32ኛው ሬጅመንት የውጊያ ዘገባዎች አሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ናቸው፤ ግን ስለ ሻለቃው እንጂ ስለ እያንዳንዱ ወታደር ብዙ አይሉም። እኔ በመጨረሻ ነው የማየው።

እሱ፦ ከሁለቱም የሉበትም ቢባልስ? ማይጨው ቢሆንስ?

እሷ፦ ማይጨው 1928 ነው፤ ዕድሜያቸው ይፈቅዳል ወይ? ለዚያ ፍለጋው ሌላ ነው፤ የማን ጦር ተከትለው እንደዘመቱ ነው የሚጠየቀው። የትም አልዘመቱም ከተባለም እዚህ አገር ሆነው ያገለገሉበት ክፍል አለ። እሱም የእሳቸው ታሪክ ነው፤ ለእናትህ ሳትጨምር ሳትቀንስ ትነግራታለህ። በነገራችን ላይ፣ ሴት አያትህ ጡረታ ይቀበሉ ነበር?

እሱ፦ አዎ! በየወሩ። ልጅ ሆኜ አብሬያት እሄድ ነበር። ደብተሩ አክስቴ ሣጥን ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

እሷ፦ ታዲያ የሟች ባል ጡረታ ከነበረ ማኅደር አለ ማለት ነው። የቅጥር ዓመት፣ ማዕረግ፣ የነበሩበት ክፍል፣ የተመዘገቡበት ሙሉ ስም ከዚያ ይወጣል። አፍንጮ በር ከመሄድህ በፊት ደብተሩን አግኝ፤ ቁጥሩን ይዘህ ጡረታ ቢሮ ጠይቅ።

እሱ፦ ቅዳሜ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ። እናቴንም ይዣት ነው የምሄደው።