ሁለት አሮጌ መኪና፣ አንድ ዳገት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ብቻዬን ላወራችሁ ነው። መኪና ልገዛ ነው፤ ያገለገለ። ምርጫዬ ሁለት ላይ ቆሟል። አንደኛዋ ሁላችንም ቪትዝ የምንላት ባለ 1000 ሲሲ ቶዮታ ያሪስ ናት። ሁለተኛዋ ዲኤክስ ናት፤ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች ኮሮላ።

የምኖረው ከእንጦጦ ዳገት ማዶ ሱሉልታ ነው፤ ሥራዬ ፒያሳ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ። እሱን ለምደነዋል። ያልለመድነው ሌሊቱን ነው። ትንሿ ልጃችን አስም አለባት። ሌሊት ሲያፍናት ከቤት ወጥቶ መኪና መለመን ምን እንደሆነ ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ከመኪናዋ የምፈልገው ብዙ አይደለም። በዚያ ብርድ ቁልፍ ሳዞር ትነሳልኝ፤ ዳገቱን ታውጣኝ።

አዲስ ለምን አትገዛም ያላችሁኝ አላችሁ። አቅም የለኝማ! በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው ያው እየተሸጠ እየተለወጠ ይዞራል። ኤሌክትሪክም አስቤ ነበር። ግን በእኛ ሰፈር መብራት አንዳንዴ ማታ ሄዶ ጠዋት ነው የሚመጣው። ለታማሚ ልጅ አላምነውም።

ወደ ዳገቱ ልምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3000 ያልፋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ፋብሪካው ከጻፈው የፈረስ ጉልበት ሩብ ያህሉ እኛ ጋ የለም ማለት ነው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ስትወጡ፣ ፊታችሁ የተጫነ ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ፣ ያ የጎደለው ሩብ በደንብ ይታወቃችኋል።

ቪትዟ እዚህ ላይ ትበልጣለች። ኢንጀክሽን ናት፤ ነዳጇን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። አየሩ ሲሳሳ ኮምፒውተሯ ነዳጁንም ይቀንሳል። የዲኤክሷ ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ይህን አያውቅም፤ ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ነዳጅም ትጠጣለች። ጎበዝ መካኒክ ያስተካክለዋል፤ ግን እንደ ቪትዟ አያደርጋትም።

ታዲያ ቪትዟን ደላላው ታጥባ፣ ጎማዋ ተወልውሎ አመጣልኝ። መጀመሪያ ኮፈኗን በእጄ ነካሁት። ሞቋል። የሞቀ ሞተር ሁሉ ጥሩ ሞተር ይመስላል። «ነገ በጠዋት ሳትነሳ ልያት» አልኩት። «ምን ያደርግልሃል ወንድሜ፣ ሞተሯ አንደኛ ነው» አለኝ። በጠዋት ሄድኩ። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ አለና ጠፋ። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው። እንዲህ ለአፍታ ታይቶ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ «ቫልቭ ሲል» የሚሉት፣ ዘይት ወደሚቃጠልበት ቦታ እንዳይገባ የሚከለክለው ጎማ፣ አርጅቷል ማለት ነው። ይህ ወጪ ነው እንጂ አያስፈራም።

ያስፈራኝ ዳሽቦርዱ ነው። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ አዞርኩ። የዘይቱ በራ፣ የባትሪው በራ፣ የሞተሩ በራ። የኤርባጉ፣ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት መብራት፣ አልበራም። ጤነኛ መኪና ላይ ያ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ ይጠፋል፤ ኤርባጉ ራሱን ሲፈትሽ ነው። ጨርሶ ካልበራ ወይ ተቃጥሏል፣ ወይ ብልሽቱ እንዳይታይ ሰው ነቅሎታል። መኪናዋ ተጋጭታ ኤርባጉ ፈንድቶ ከሆነ ደግሞ የመሪው ክዳን ሥር ባዶ ሊሆን ይችላል። ደላላውን ጠየቅኩት። «እሱ ምንም አይደል» አለ።

የዲኤክሷ ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቡራዩ ነው የሚኖሩት። «አልነካኋትም ልጄ፣ ራስህ አስነሳት» አሉኝ። ነዳጁን ረገጥ ረገጥ አድርጌ ቁልፉን አዞርኩ። ትንሽ አንገራገረችና ተነሳች። ከዚያ ከኪሳቸው ደብተር አወጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎሜትሩ፣ የተከፈለው ብር፣ ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ። አንዱ ገጽ ላይ «የራዲያተር ክዳን፣ አዲስ» ይላል። እዚያ ላይ ቆምኩ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ገደማ ነው። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ይዞ የሚያቆየው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ ዳገት ላይ ውሃው ይገነፍላል፣ ሞተር ይቃጠላል። ያን ርካሽ ዕቃ በጊዜው የቀየረ ሰው ሌላውንም እንደማይተወው አምናለሁ።

ባለቤቴ ግን አልተዋጠላትም፤ ዲኤክሷ ከነጭራሹ ኤርባግ የላትም። «ያለ ኤርባግ ልጄን አላሳፍርም» አለች። ብዙ ተነጋገርን። የፊት ኤርባግ የሚጠብቀው ፊት የተቀመጠውን ነው። ልጅቷ ኋላ ናት፤ እሷን የሚይዛት ቀበቶ ነው። ቪትዟ የኋላ ቀበቶ አላት። ዲኤክሷ የላትም። ይህን ስናገር ለባለቤቴ መልስ እየሰጠሁ መስሎኝ ነበር፤ የራሴን ምርጫ ነው ያናጋሁት። ልቤ ያለው ዲኤክሷ ጋ ነዋ! ጉድለቷን ሁሉ አውቀዋለሁ። የቪትዟን ግን የማውቀው የታየኝን ያህል ብቻ ነው።

ቅዳሜ መካኒክ ይዤ ቡራዩ እመለሳለሁ። ብዙ አሮጌ መኪኖች ቀበቶ ባይኖራቸውም ከኋላ ወንበሩ ሥር ከፋብሪካ የተበሳ የቀበቶ ማሰሪያ አላቸው። ወንበሩን አንስተን እናያለን። ካላት፣ ሊብሬዋን ከሻንሲና ከሞተር ቁጥሯ ጋር አመሳክሬ፣ ዕዳና ዕገዳ አጣርቼ እገዛታለሁ። ቀበቶው እስኪታሰርም ልጄ አትሳፈርባትም። ማሰሪያው ከሌለ ወደ ቪትዟ እመለሳለሁ፤ ደላላው የመሪውን ክዳን በመካኒክ ካላስከፈተልኝ ግን ብር አልቆጥርለትም።