ሌንሱ በቅሎዋ ላይ ነው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ነገ ሌሊት ወደ ደባርቅ ስለምነሳ የካሜራ ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ዘርግፌ ነው የማወራችሁ፣ የሚንኳኳ ነገር ከሰማችሁ የካሜራ ማቆሚያው፣ የትራይፖዱ እግር ነው።

መጀመሪያ ሰሜን ተራሮች የሄድኩ ጊዜ ያለኝን በሙሉ ነበር የተሸከምኩት፣ ሁለት ካሜራ፣ አራት ሌንስ፣ ትልቁን ትራይፖድ፣ የካሜራ መብራቱን ፍላሽ ሳይቀር፣ ፍላሽ ለጭላዳ ዝንጀሮ ምን ይሰራል ብዬ እንደያዝኩ እኔም እንጃ። ከሳንቃበር ካምፕ ወደ ግጭ ካምፕ ስትሄዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ባዶ እጃችሁን እንኳን ትንፋሽ ያጥራል፣ እኔማ ማታ ትከሻዬን ማንሳት አቃተኝ። በማግስቱ ከባድ ከባዱን ሁሉ በቅሎዋ ላይ አስጫንኩና 24-70ን፣ ቅርብ ቅርቡን የሚያነሳውን አጭሩን ሌንስ፣ ብቻ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። እንዴት ቀለለኝ መሰላችሁ! ግን በቅሎ ጫኚዎቹ ከናንተ ጋር አይሄዱም እኮ፣ ድንኳን ለመትከል ቀድመው ነው የሚገሰግሱት፣ ይሄን ማን ነገረኝ።

ጨነቅ ካምፕ ልንደርስ ስንል አብሮን ያለው የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። አፋፉ ላይ ዋልያ ቆሟል፣ ወንድ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ ጢሙን ንፋስ እያወዛወዘው። ቆመልን፣ በጣም ቆመልን። ሩቁን የሚያቀርበው ረጅሙ ሌንስስ? በቅሎዋ ላይ ነዋ፣ ሁለት ኮረብታ ተሻግራለች። በያዝኩት ፎቶ ሳነሳ ቆየሁ፣ ማታ እሳት ዳር ስካውቱ "እስቲ አሳየኝ ልጄ" አለኝ፣ ስክሪኑን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ አራቀ፣ ከዛ "ይቺ ድንጋይዋ ናት?" አለኝ። "ዋልያው ነው ጋሼ" አልኩት። ዝም ብሎ ካሜራውን መለሰልኝ።

ጭላዳ ሲሆን ደግሞ ያው 24-70 ከበቂ በላይ ነው፣ ዝም ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ሳሩን እየነጩ አጠገባችሁ ይመጣሉ፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ሳይቀር ታገኙታላችሁ። ስለዚህ አሁን ረጅሙን ሌንስ ራሴ እሸከማለሁ፣ በቅሎዋ ልብስና ምግብ ትያዝ።

ሌላው ብርዱ ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ ቻርጅ የነበረ ባትሪ ካሜራው ውስጥ አድሮ ጠዋት ቀይ አበራብኝ፣ ሞተ ብዬ ወረወርኩት፣ ለካ በርዶት ነው፣ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ዘራ። ከዛ ወዲህ ባትሪዎቼ ጋቢ ውስጥ ከኔ ጋር ነው የሚያድሩት፣ ሚስቴ ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ካሜራውን ውጪ ሳላችሁ ፌስታል ውስጥ ጥርቅም አድርጋችሁ እሰሩት፣ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል፣ መስታወቱ ላይ አይወርድም፣ እስኪሞቅ ግን አትፍቱት። አቧራ ሲይዘው በሸሚዝ መጥረግ የለም፣ በአፍ እፍ ማለትም የለም፣ ምራቅ አለው፣ ያቺ የምትጨመቀዋ የጎማ መንፊያ ትበቃለች።

ፍላሹ አሁንም እዚህ ወለሉ ላይ አለ፣ እያየሁት ነው። ይቅር። በሉ መብራት ሳይጠፋብኝ ባትሪዎቹን ልሰካ፣ ቻው።