ከ26ኛው ሳምንት በኋላ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ቡናችሁን ያዙና አዳምጡኝ።

እዚህ ሜልበርን አንድ መጋዘን ውስጥ የፈረቃ አስተባባሪ ነኝ። ትልቅ ስብሰባ ሲኖር አንዱ አለቃ ይነሳና የቆምንበት መሬት የኩሊን ሕዝቦች፣ ማለትም የዚህ አካባቢ ነባር አቦርጂናል ሕዝቦች፣ መሆኑን፣ ለአባቶቻቸውም ክብር እንደምንሰጥ ያነባል። አውስትራሊያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የማይባልበት ቦታ የለም። እኔም ደስ ይለኛል። ግን ዞር ብዬ ሳይ ኢትዮጵያዊ አለ፣ ቬትናማዊ አለ፣ ሕንዳዊ አለ፣ ከሳሞዋ የመጣ አለ። አቦርጂናል የለም።

አንድ ነበረ። ስሙን አልጠራም። በአንድ ሥራ አስቀጣሪ ድርጅት በኩል ነው የመጣው። ፎርክሊፍት ሲነዳ ብታዩት፣ በጠባቡ መተላለፊያ እንደ ውሃ ነው የሚያልፈው። ከድርጅቱ አንዲት ሴት በየሳምንቱ ትደውልለት ነበር። የደህንነት ጫማው ሲቀደድ የገዛችለት እሷ ናት። ከአለቃ ጋር ሲጋጭም መሃል የምትገባው እሷ ናት። ከዚያ ስልኩ ቀረ።

ለምን እንደቀረ በኋላ ነው የገባኝ። አስቀጣሪ ድርጅቶች ከመንግሥት የሚከፈላቸው፣ ያስቀጠሩት ሰው ሥራ ላይ 4 ሳምንት፣ 12 ሳምንት፣ 26 ሳምንት ሲቆይ ነው። ከ26 በኋላ ክፍያ የለም። ክፍያ ከሌለ ደግሞ ደዋይ የለም። ሴትየዋን አልወቅስም፤ እሷም የምታስገባው ሌላ ሰው፣ የምትሞላው ሌላ ቁጥር አለባት።

እሱ ሐዘን የደረሰበት ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሙ ሞተ፣ ቀብሩ ሩቅ ሰሜን ነው። የፈቃድ ፎርሙ ላይ ዝምድና ከሚለው ፊት "ወንድም" ብሎ ሞላ። ቢሮው የቀብሩን ወረቀት ሲያይ የአባት ስማቸው አይገጥምም። ጠሩት። የእናቱ እህት ልጅ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ግን ወንድም ነው። "እንግዲያው ወንድም አይደለማ!" ተባለ።

በሕጉ ከሄድን ቢሮው ልክ ነው። የአገሪቱ ሕግ የሚሰጠው የሐዘን ፈቃድ ሁለት ቀን ነው። እሱም ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለአያት፣ ለልጅ ልጅ፣ ለወንድምና ለእህት፣ ወይም አንድ ቤት አብሮ ለሚኖር ሰው ነው። የአክስት ልጅ የለበትም። እሱ ግን ሄደ፣ ሰንብቶም መጣ። ማንም አላባረረውም። ቋሚ ስላልነበረ ፈረቃ የሚነግረው የስልክ መልእክት ብቻ ቆመ። በቃ፣ እንዲሁ ቀረ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። የአክስቴ ልጅ ሞቶ ለቅሶ ሳልቀመጥ ሥራ ብገባ፣ እናቴ ዓይኔን ታየዋለች? እኛ ይሄን ለመረዳት ስልጠና አያስፈልገንም። ታዲያ የሚገርመኝ፣ እኛው ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለ አቦርጂናሎች "መንግሥት እያበላቸው ሥራ ጠሉ" የምንለው ነገር ነው። ስንቴ ሰምቼዋለሁ! የምንለው ታሪኩን ሳናውቅ ነው።

የሰሜን አውስትራሊያን የከብት ርባታ የተሸከሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይና ሥጋ ነበር። በፈረንጆቹ 1966 ዌቭ ሂል ከሚባለው፣ የእንግሊዙ ቬስቲ ኩባንያ ከያዘው እርሻ፣ ቪንሰንት ሊንጊያሪ የሚባል ጉሪንጂ ከሚባለው የአቦርጂናል ሕዝብ የሆነ ሰው 200 የሚያህሉ ሰዎችን ይዞ ወጣ። ደመወዝም መሬትም ብለው ዓመታት ተቀመጡ። በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መጥቶ፣ መሬት መመለሱን ለማሳየት አፈር ዘግኖ ሊንጊያሪ እጅ ላይ አፈሰሰ። እኩል ደመወዝ ግን ቀደም ብሎ በፍርድ ተወስኖ ነበር፣ ከ1968 መጨረሻ ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ያኔ ግን ብዙ ባለ እርሻዎች መክፈሉን ትተው ሠራተኞቻቸውን አባረሩ። ኩዊንስላንድ ውስጥ ደግሞ መንግሥት ራሱ ደመወዛቸውን ይዞባቸው ኖሯል። በ2019 ነው 190 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል የተስማማው። እና ሥራ የጠላው ማነው?

አሁን ያለው የመንግሥት ዕቅድ ከ25 እስከ 64 ዓመት ካሉት ነባር ሕዝቦች ውስጥ 62 ከመቶው በ2031 ሥራ እንዲኖራቸው ነው። በ2021 ቆጠራ 56 ከመቶ ገደማ ነበር። ቁጥሩ እየጨመረ ነው፣ አይካድም። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ ስለ መቆየት ምንም አለመናገሩ ነው። በቆጠራው ሳምንት ሥራ ላይ የነበረ ሰው ይቆጠራል። የእኔ ባልደረባም ቆጠራው በዚያ ወቅት ቢሆን ኖሮ ይቆጠር ነበር።

የሚቆይ ሥራ ምን ይመስላል ካላችሁኝ፣ እኔ ሁልጊዜ የምጠቅሰው የሬንጀሮቹን፣ የመሬትና የዱር ተንከባካቢዎቹን ነው። ከ2007 ጀምሮ መንግሥት ነባር ሕዝቦች በገዛ መሬታቸው ላይ ሬንጀር ሆነው እንዲሠሩ ደመወዝ ይከፍላል። ሰሜን አውስትራሊያ፣ ምዕራብ አርነም ላንድ ውስጥ ዝናቡ እንዳቆመ፣ ሳሩ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ በትንሽ በትንሹ ያቃጥሉታል። እሳቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ዛፉን ሳይነካ ሳሩን ብቻ ይበላል። ኋላ በደረቁ ወራት ትልቁ ሰደድ እሳት ሲመጣ የሚበላው ያጣል። ጭሱ ስለሚቀንስ የካርቦን ገንዘብም፣ ማለትም አየር የሚበክለውን ጋዝ ለመቀነስ የሚከፈል ገንዘብ፣ ይገኝበታል። የትኛው ሸለቆ መቼ እንደሚቃጠል የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ ወጣቱ ከእነሱ ጋር ይወጣል። እዚያ ሐዘን ሲደርስ ሥራ አስኪያጁም ለቀስተኛ ነው፤ ማን ለማን ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሁሉም ሰው ሬንጀር ይሁን እያልኩ አይደለም። አብዛኛው አቦርጂናል ከተማ ነው የሚኖረው፤ መጋዘንም፣ ሆስፒታልም፣ ባንክም ይፈልጋል። ግን ከሬንጀሮቹ የሚወሰድ ነገር አለ። እዚያ ሥራው ነው ለሰውየው ኑሮ የተሰፋው። እኛ ጋ ሰውየውን ቆርጠን ለሥራው እንሰፋዋለን፣ አልሆን ሲል ደግሞ "አይቆዩም" እንላለን።

ከአድማጮቼ ውስጥ ምግብ ቤት ያላችሁ፣ የጽዳት ድርጅት ያላችሁ፣ እንደኔ ሠራተኛ የምታስተባብሩ አላችሁ። ለመቅጠር ካሰባችሁ ለአስቀጣሪው ድርጅት አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ከ26ኛው ሳምንት በኋላ ማን ይደውላል? ማንም ካሉ፣ ከእናንተ ቤት አንድ ሰው መድቡ። ቢቻል አቦርጂናል የሆነ ነባር ሠራተኛ፣ ያውም ለዚህ ሰዓት ተቆጥሮ የሚከፈለው ይሁን። በነፃ ምክር ስጥ፣ በነፃ አስታርቅ እየተባለ የሚደክም ሰው ብዙ ነው።

እኛ መጋዘን ደግሞ ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ጋር ሆነን ደብዳቤ አስገብተናል። የሐዘን ፈቃዱ ለሰፊ ቤተሰብም እንዲሆን፣ ቋሚ ያልሆነ ሠራተኛም ሲመለስ ፈረቃው እንዲጠበቅለት ጠይቀናል። የሳሞዋ ልጆችም ፈርመዋል፣ የእኛዎቹም ፈርመዋል። መልስ ገና አልመጣም፤ ሲመጣ እዚሁ እነግራችኋለሁ። በሉ፣ ደህና ሁኑ።