አዳዳ፣ አምባዛና የዛፉ ሂሳብ

ሰላም ሰላም። እየቀዳ ነው? አዎ፣ ቀዩ በርቷል።

ዝናቡ ይሰማችኋል መሰለኝ። ጋቢውን ደርቤበታለሁ፤ ስቱዲዮዬ ከዚህ በላይ አቅም የለውም። በነሐሴ፣ ጅማ ላይ፣ ያውም ቆርቆሮ ስር ሆኖ ጸጥታ መፈለግ ራሱ ድፍረት ነው። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ ድመቴ ሚኒስትሩ ደህና ነው። ወፍሯል። እግሬ ስር ተኝቶ ጆሮውን ቀስሯል፤ ስለ አሳ እንደማወራ ገብቶታል። አንተ ደግሞ፣ «አሳጥሪው» እያልክ ሁሌ የምትጽፍልኝ ወንድሜ፣ ዛሬም አይሆንልህም።

ያሰብኩት ስለ ቤት ኪራይ ላወራ ነበር። ማስታወሻ ሁሉ ይዤ ነበር። ግን የአክስቴ የአዳዳ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ሳህን ሳጥብ እሱ ነው። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ስል እሱ ነው። ስለዚህ ላውራውና ይውጣልኝ።

የአሳውን ልጅ፣ ያንን ስለ አሳ የሚያጠናውን፣ ታስታውሱታላችሁ። ያ «አሳ ወይስ ሽሮ» ባልኩበት ጊዜ ግማሻችሁን ያናደደው። ነገሩን የጀመረው እሱ ነው። አዳዳ ጓሮ በታች ያለችውን ጅረት አያትና ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ደግሞ ጥሩ አይደለም፣ ታውቁታላችሁ። ከዚያ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባባት። ውሃው ጉልበቱ ድረስ ነው፤ ዳርና ዳሩ ግን ከጭንቅላቱ በላይ ቆሟል። ጭቃው በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። «ይቺ ጅረት ሜዳዋን አጥታለች» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ያቺ ጅረት ወደ ቦዬ፣ ጅማ ዳር ወዳለው ረግረግ፣ ስትወርድ እየተጠማዘዘች ነበር። ክረምት ሲሆን ሞልታ ጨፌው ላይ ትወጣለች፤ ጨፌው ለሳምንታት ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። በኋላ ሰው ቦይ ቆፈረ፣ ቀጥ አደረጋት። ቀጥ ያለ ውሃ ይሮጣል። የሚሮጥ ውሃ ወለሉን ይቦረቡራል። ወለሉ ሲወርድ ጅረቷ ታች ትቀራለች፣ ሜዳው ደግሞ ከላይዋ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ጎርፍ ቢመጣ እንኳ ዳሯን አትሻገርም። ጨፌው ደረቀ፣ ባህር ዛፍ ተተከለበት። የቀረው ደግሞ ለጡብ አፈሩ ተቆፈረ። ቦዬን የሚያውቅ ይህን ያውቃል፤ የኛ ብቻ አይደለም።

አሳው ምን አገባው? እኔም እንደዛ ነበር ያልኩት።

አምባዛ የሚራባው ዝናብ ሲጀምርና ውሃው ሲሞላ ነው። ከዋናው ወንዝ ይወጣና በሌሊት፣ ጥልቀት በሌለው፣ ጎርፍ በሸፈነው ሣር ውስጥ ይጥላል። እንቁላሉ ሣሩ ላይ ይጣበቃል። እናትም አባትም ዞር ብለው አያዩትም። በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር እንግዲህ ክር ነው፤ የሚሮጥ ውሃ ካገኘው አለቀለት። ረጋ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ሣሩ እየበሰበሰ ዓይን የማያየው ነፍሳት የሚርመሰመስበት ውሃ ይፈልጋል። እዚያ በልቶ ይጠነክራል። ውሃው ወደ ወንዙ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል።

ነጭ አሳው ደግሞ ሌላ ነው። እሱ የሚፈልገው የጠራ ውሃና ጠጠር ነው። ጣና ላይ ክረምት ሲመጣ ወደ ጉማራ ወንዝ ሽቅብ የሚወጡት ለዚያ ነው። ጠጠሩ ላይ ደለል ከተኛበት እንቁላሉ ይታፈናል። ሜዳው ደለሉን ሲይዝለት ጠጠሩ ይጸዳል። ስለዚህ አንዱ ሜዳውን ለመኖሪያ ይፈልገዋል፣ ሌላው ሜዳው ጭቃውን እንዲያስቀርለት ይፈልጋል። ይሄን ሲነግረኝ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ዓይነት ሰው ያለበት ግቢ ውስጥ ስላደግኩ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አሁንም የጡብ ጉድጓዶቹ ጋ ሂዱና እዩ። ጎርፍ ያለፈበት ጉድጓድ ውስጥ አምባዛ ይቀራል። ልጆቹ ማዳበሪያ ይዘው ይገቡና በጭቃው ውስጥ በእጃቸው ነው የሚዳብሱት። አንዱ ጮኸ፣ ነካው ማለት ነው። ሌላው ከላዩ ወደቀበት። አውጥተው ሣር ላይ ሲጥሉት ደግሞ አይሞትላቸውም። አምባዛ አየር ይተነፍሳል እኮ። ከጉንጩ ኋላ ለዚያ የሚሆን ነገር አለው። ቆዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ በክንፉ እየተገፋ ሣር ለሣር ይሄዳል። አንድ ጊዜ አንዱ እንደዛ እየተንፏቀቀ ሚኒስትሩን ሲያሯሩጠው ዓይቻለሁ። አሯሯጠው ስል፣ ሚኒስትሩ ነው የሮጠው። ይህን አትንገሩበት።

የት ነበርኩ? አዎ፣ አዳዳ።

የአሳው ልጅ ሐሳብ ቀላል ነበር፣ ወረቀት ላይ። ቦዩን በየመሃሉ መድፈን። ግንድ አጋድሞ ጭቃው እንዲያዝ ማድረግ። ወለሉ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ውሃው ታችኛው መሬት ላይ ይወጣል። ታችኛው መሬት ማለት የአዳዳ ባህር ዛፍ ነው። ቦዩን የቆፈረው ደግሞ ባሏ ነው፣ አላህ ይማረው። በዶማ። ብቻውን።

እና ማነው የሚነግራት? እኔ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ቡና ቀርቧል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ቄጠማው ከየት ነው የመጣው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ከጨፌ ነው፣ ገዝታው። በዚያ ሰዓት ይህን ማንሳት ግን ነገር ፍለጋ ይሆንብኛል ብዬ ተውኩት። በቃል ከማስረዳት ላሳያት ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ስለ ኪሲሚ የተሠራ ቪዲዮ ነበር።

ኪሲሚ ፍሎሪዳ ያለ ወንዝ ነው። ጎርፍ አስቸገረ ተባለና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 ድረስ ቀጥ አደረጉት። 166 ኪሎ ሜትር ሲጠማዘዝ የነበረው 90 ኪሎ ሜትር ቦይ ሆነ። ሜዳው ደረቀ፣ ወፉ ጠፋ። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን አነሰ፤ ሰው ሲያጠምደው የኖረው አሳ ቀነሰና አየር እየጎረሰ መኖር የሚችለው ዓይነት በረከተ። የኛ አምባዛ ብጤ ማለት ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1999 ቦዩን መልሰው መድፈን ጀመሩ። በ2021 ጨረሱ። 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወንዝ ተመልሶ መጠማዘዝ ጀመረ።

አዳዳ መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው። አላቋረጠችኝም። እሷን የሚያውቅ ይህ ራሱ አስጊ መሆኑ ይገባዋል። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና «ያ ሁሉ ሜዳ ውሃ ሲሞላው ከብት የሚያረባው ሰውዬ የት ሄደ?» አለች።

እውነትም ሜዳው ላይ የከብት እርባታ ነበር። እኔ ስለ ወፉ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«መንግሥት መሬቱን ገዛቸው» አልኳት። እውነት ነው፣ ከላይ ያሉትን ሐይቆች ዙሪያ ጨምሮ ከ40,000 ሄክታር በላይ ነው የገዙት።

«ገዝቶ ሲያበቃ ነው ውሃውን የለቀቀው ወይስ ውሃውን ለቆ ሲያበቃ ነው የገዛው?»

እስቲ አስቡት። ማን እንዲህ ይጠይቃል? የአሳው ልጅ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

«መጀመሪያ ገዝቶ ነው» አልኳት።

«አየሽ።»

ከዚያ ወደ ጀበናው ዞረች። ማራገቢያዋን አነሳች። ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «እና እኔን አንቺ ነሽ የምትገዢኝ?» አለች።

ይኸው ነው። ይሄ ነው የማይወጣልኝ።

መሳቋ ነው? ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ግን እያራገበች ነበር፤ የሚያራግብ ሰው ትከሻው ይንቀሳቀሳል። ፊቷን አላየሁትም። ድምጿ... እንዴት ልበላችሁ። እኛ ቤት ቀልድና ቁጣ በአንድ ድምፅ ነው የሚወጡት። «እኔን አንቺ ነሽ» ላይ ጫን ብላለች። ወይስ «የምትገዢኝ» ላይ ነው? ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ድምፄን እየቀያየርኩ ስሞክረው ሹፌሩ በመስታወት አየኝ።

ከቀለደች ጨዋታ ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንቀጥለዋለን። ካልቀለደች ግን...

ምክንያቱም ያ ዛፍ እኔ ነኝ። የኮሌጅ ክፍያዬ ከዚያ ነው የመጣው። አንዴ ሲቆረጥ ክፍያ፣ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ክፍያ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነጋዴው ዋጋ ሰብሮ ሲወስድባት ሌሊቱን ሙሉ ስትቆጥር ሰምቻታለሁ። ይህ ማይክ ራሱ ባህር ዛፍ ነው ማለት ይቻላል። እና በባህር ዛፍ የተማረችው ልጅ ስልክ ይዛ መጥታ ዛፉ ለአሳ ይነሳ ትላለች። ይህን አላለችኝም እኮ። እኔ ነኝ የምለው። እሷ አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ።

ቶናውን ቀዳች። ጤና አዳም ጨመረችልኝ። ስለ ሠርግ አወራን።

የአሳውን ልጅ ስነግረው «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለኝ። ተናደድኩበት። ጥሩ ጥያቄ ነው ምን ማለት ነው? ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዮሎ በሚባል ሜዳ አካባቢ፣ የሳልሞን ጫጩቶችን በክረምት ውሃ በተሞላ የሩዝ ማሳ ላይ እንዳሳደጉ ነገረኝ። ከዋናው ወንዝ ካሉት እጅግ ፈጥነው ይወፍራሉ። ገበሬውም ሩዙን አይተውም፤ ሩዝ በበጋ፣ አሳ በክረምት። ስለዚህ ወይ ይሄ ወይ ያ አይደለም አለኝ። ሲሉት ያምራል። ባህር ዛፍ ግን ሩዝ አይደለም። ክረምት ሲመጣ ተነስቶ አይሄድም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሜዳው ቢመለስ ውሃው ራሱስ? ከከተማው በአዌቱ ወንዝ የሚወርደውን ታውቁታላችሁ፤ ላብራራው አልፈልግም፣ ምሳ ሰዓት ላይ የምትሰሙኝ አላችሁ። ከቡና ማጠቢያዎች የሚለቀቀውም አለ። ጥቅምትና ኅዳር፣ እሸት ቡናው ሲፈለፈል፣ ያ ቡናማ ውሃ ወደ ጅረት ሲገባ ኮምጣጣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ስኳሩ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ታዲያ የተፈለፈለው ሁሉ ክረምቱን በልቶ ወፍሮ ጥቅምት ላይ ወደዚያ ውሃ ሊመለስ ነው? የአሳው ልጅ «ጨፌው ራሱ የተወሰነውን ያጣራል» ይላል። የተወሰነውን። እሺ።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ያስቀኛል። ደለሉ ከኛ ወርዶ ቦዬ፣ ከቦዬ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ ግድቡ ውስጥ ይተኛል። እኛ የምንበላው አሳ የሚመጣው ደግሞ ከዚያው ግድብ ነው። ጭቃችንን በነፃ ልከን አሳ በብር እንገዛለን። ሚኒስትሩ ብቻ ነው ያተረፈው።

ይቅርታ፣ መሳቅ አልነበረብኝም። እንዲያውም አላሳቀኝም።

አንድ ያሰብኩት ነገር አለ። ታችኛው ጥግ፣ ጅረቷ የምትታጠፍበት ጋ፣ ዛፉ ለመቆረጥ ደርሷል። ማገር ሳይሆን ቋሚ የሚወጣው ነው። እሱ ሲሸጥ እዚያች ጥግ ላይ ብቻ ቦዩ ቢደፈንስ? ላይኛውን ማንም አይነካባትም። ጥግዋም እርጥብ ስትሆን ቄጠማ ታበቅላለች፤ ቄጠማ ደግሞ ለበዓል ይሸጣል። እንደ ዛፉ ባይሆንም። ይህን ለአዳዳ ብነግራት ምን እንደምትል አውቃለሁ፣ «በስንት?» ነው የምትለው። በስንት እንደሆነ ማስላት አለብኝ ማለት ነው። ደግሞ ባህር ዛፍ ተቆረጠ ማለት ሄደ ማለት አይደለም፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ጉቶው መነቀል አለበት። በዶማ ነው የሚነቀለው። አንድ ጉቶ ለመንቀል ስንት ይጠይቃሉ አሁን? ቀን ሠራተኛው ባለፈው ለጎረቤት የጠየቀው... አይ፣ እሱ የአጥር ነበር። ምናልባት ሣሩን ለሚያጭድ ሰው ሣሩን ሰጥቶ ጉቶውን... አይሆንም፣ ማን ይስማማል። የአሳው ልጅ ተማሪዎች አመጣለሁ ይላል፤ ተማሪ ዶማ ይዞ አይቼ አላውቅም። ወይ ደግሞ ጉቶው ይቆይና ውሃው ራሱ ቢያሰምጠው፣ ስንት ክረምት ይፈጅበታል? ይህን መጠየቅ አለብኝ። እሱን ነው ወይስ አዳዳን ቀድሜ ልጠይቅ እንጃ... ቆይ፣ ዝናቡ በረታ መሰለኝ፣ ይሰማል ግን? ሚኒስትሩ፣ ከገመዱ ላይ ውረድ...